የመንገደኛው ጀናዛ

ሰውየውን ገና ፊቱን ሳላይ በድምፁ አወቅኩት። መርሳ መንገድ ዳር ብርቱካኔን ደርድሬ ተቀምጫለሁ፤ ከጀርባዬ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ነጂ ጋር ይጨቃጨቃል። «ልጄ፣ አክብረኝ አላልኩህም፤ አትዝረፈኝ ነው ያልኩህ» ይላል። ከደረት የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ የቃሉን መጨረሻ ጎተት ያደርጋል። ደንግጬ ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ ብል ዋሸሁ። ደንበኛዬን ሸኝቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የዞርኩት። መምህር ይመር ነበር። ፀጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ከዘራውን ተደግፎ ነው የሚቆም። «ዘሃራ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «ኧረ አንቺስ ምንም አላረጀሽም» አለ። ይኸ ሰው ዛሬም ውሸት አልከበደውም።

እንግዳ ነውና በርጩማዬን ለቀቅኩለት። ከስንት ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ቦታ ተመልሷል፤ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ በየፊናቸው ተበትነዋል። አሁን የሚፈልገው ቅሬ መግባት ነው። ቅሬ ለማታውቁት፣ እናንተ ከተሜዎቹ እድር የምትሉት ነው፤ የኛው ግን ጠበቅ ይላል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ነን። ለፋፊው ጉብታው ላይ ወጥቶ ከጠራ የተጠመደ በሬ ይፈታል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ጎረምሳው ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብር፣ ሴቷ ወደ ለቅሶው ቤት ትሄዳለች። ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት የሚያነሳው የለም። የቅሬው ዳኛ ታዲያ ይመርን «ያኔ የበደልካቸው ቤቶች ቃላቸውን ይስጡ» ብሎታል። ከነዚያ ቤቶች መርሳ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። «እህቴ፣ ሜዳ ላይ ወድቄ እንዳልቀር አንድ ቃል ተናገሪልኝ» አለኝ። «ብርቱካን ትወስዳለህ?» አልኩት። ድሮ «አንቱ» ነበር የምለው፤ ያን ቀን ምላሴ እምቢ አለኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ምን አስታወስኩ መሰላችሁ? ሚዶውን። ያን ጊዜ ይመር አፍሮ ፀጉሩን አበጥሮ ሚዶውን ከኋላ ኪሱ ብቅ ያደርጋት ነበር። መርሳ ያኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ብርቱካን በእንቅብ ነው የሚሸጥ፤ አንድ እንቅብ ሙሉ በስሙኒ። ለልጅ ልጄ ስሙኒ ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም ነው ብላት «ሳንቲም ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሻይ በአስር ሳንቲም ይጠጣል፤ ትሬንታ ኳትሮ የምንለው ጭነት መኪና አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ ሾፌሮቹ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ያቆማሉ። በከተማዋ ያለችው ራዲዮ እዚያ ናት። ራዲዮዋ አምባሰል ከለቀቀች ሾፌሩ ሻዩን አስቀምጦ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ፣ መሄጃውን ይረሳል። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ትከሻ የሚደርስ ነው። እኛ አበባ ያለበት ሻሽ አስረን፣ ከጎረቤት ሽቶ ለምነን፣ ውሃ ልንቀዳ ነው እያልን በትምህርት ቤቱ በኩል እንዞራለን። ውሃው በዚያ በኩል አልነበረም። ይመር ገና ወጣት አስተማሪ ነው፤ ቡናማ ቴትረን ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ምን ይደበቃል፣ ሁላችንም እንወደው ነበር። እናቶቻችን ደግሞ ከኛ ብሰው ይወዱት ነበር።

የወደድነው ግን ለሱሪው ብቻ አይደለም። እኛ እስላሞቹ ያን ጊዜ በሹማምንቱ አፍ «ነዋሪ» ነበርን፤ የሀገሩ ሰው አንባልም። ዒዳችን በዓል አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም ፍርድ ቤቱም ክፍት ነው። አባቴ የዒድ ለት ለመሬት ክርክር ወልድያ ተቀጥሮ፣ ሶላቱን ሰግዶ ቢሄድ አርፍደሃል ተብሎ ተፈርዶበት ተመልሷል። አንድ ዓመት የዓረፋ ለት ፈተና ተደረገ። ይመር ወደ ክፍል ገብቶ ግማሹ አግዳሚ ባዶ መሆኑን አየ። ጠመኔውን አስቀመጠና «ለግማሽ ክፍል ፈተና አልሰጥም» ብሎ ወጣ። ደመወዙን ቆረጡበት። የሱ አባት እስላም፣ እናቱ ክርስቲያን ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ቤት ወሎ ሙሉ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ይመርን ልጄ እያለ ይጠራው ጀመር። ወንድሜ ሁሴን ትንሽ ከፍ ብሎ ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። ሁሴን በየሳምንቱ ከጓሯችን ብርቱካን መርጦ ይወስድለታል፤ ይመርም «የኔ ጎበዝ» ይለዋል።

የዚያ ዘመን ረሃብ እንዴት እንደነበር አላወራም፤ የነበረ ያውቀዋል። ከሐራ ቆላ ወጥቶ በእግሩ ወደ ደሴ የሚወርደው ሰው እኛ ደጃፍ እየደረሰ ይወድቅ ነበር። ስሙን አናውቅ፣ ሀገሩን አናውቅ። ቅሬው ሰብሰብ ብሎ መከረና ወገን የሌለው መንገደኛ ሲሞት ማንም እንዳይቀር ተማማለ። ለዘመድ ቀብር የታመመ ሊቀር ይችላል፤ ለመንገደኛ ግን አይቀርም። አጅሩም ምንዳውም የበለጠ ነው ይሉ ነበር ሼሆቹ፤ ቄሱም እንደዚያው አሉ። እናቴ ለስንት ሰው ከፈን ከራሷ ነጠላ ቀድዳ ሰጥታለች።

ረሃቡ ሲጋመስ ነው ይመር ቅሬው ፊት የቆመ። ዋርካው ስር ተቀምጠናል፤ ሴቶቹ ከወደ ዳር። ወልድያ ሄደን አውራጃው ፊት እንቁም፣ መሬቱም ዒዱም እህሉም ይጠየቅ አለና ጥሪውን አያ ታደሰ እንዲጠራለት ጠየቀ። አያ ታደሰ የቅሬው ለፋፊ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ውርጌሳ ይሰማል እያልን የምንቀልድበት ሰው። «መምህር፣ እኔ የምጠራው ለሞት ብቻ ነው» አለ። «ዛሬ ለሌላ ከጠራሁ ነገ ማን ያምነኛል?» ሽማግሌዎቹም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይመር አልተቆጣም። «አያ ታደሰ፣ እዚህ መንገድ ዳር ስንቱን ቀበርን? ለሞቱት ስንወጣ ኖርን። አንድ ቀን ላልሞቱት እንውጣ» አለ። አባቴ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አይቻለሁ። በማግስቱ ማለዳ አያ ታደሰ ጉብታው ላይ ወጣና «ቅሬ ውጣ፤ የሞተ የለም፣ እንዳንሞት ውጣ» ብሎ ተጣራ። ያን ቀን እውነቱን ተናግሮ ነው የጠራን። ይህን ልብ በሉልኝ።

መርሳ ባዶዋን ቀረች። ከውርጌሳ የመጣው ሰው ተቀላቀለን፤ ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ ሾፌሮቹ በነፃ በጫኑት መኪና ላይ። እኔ ኮንጎ ጫማ ነበር የተጫማሁት፤ ተረከዜን ልጦ ጨረሰው። ወልድያ ስንደርስ ከአዳጎ በኩል የመጣውም ተቀላቅሎ ፒያሳው ጢም አለ። ፖሊሶቹ ጠመንጃ ደግነው መንገዱን ዘግተዋል። ያኔ ይመር ዞር ብሎ «ቅሬ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ ተቀመጡ» አለ። በነጭ ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ሁላችን ተቀመጥን። እናቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ላይ ለወደቁት ሁሉ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ፖሊሶቹም የሰው ልጆች፣ የአንዱ ቅሬ ልጆች ናቸው፤ ለቀስተኛን ረግጦ የሚያልፍ ወሎዬ የለም። አለቃቸው ትንሽ ቆሞ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ጠመንጃው ወረደ፤ ሽማግሌዎቹም ገብተው ተናገሩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም። ተረከዜ እየደማ፣ ስመለስ መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ ነበር።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። ሀቁን መናገር አለብኝ፤ ዒዱ በዓል ሆነ፣ መሬቱም ለአራሹ ተሰጠ። አባቴ የተነጠቀውን ማሳ ተረክቦ ብርቱካን ተከለበት። ይመር ሊቀመንበራችን ሆነ። ማን ሌላ ይሁን? እኛው ነን እጃችንን ያወጣን፤ እልል ያልነውም እኛው ነን። ቴትረን ሱሪው ቀርቶ ካኪ ለበሰ፤ ሚዶዋ ጠፍታ ኪሱ ላይ ብዕር ተሰካ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰላምታው አልተለወጠም። ቆይቶ ጣቱን እያወዛወዘ መናገር አመጣ። አባቴ ሲያልፍ እሱ ከመቀመጫው ሳይነሳ አሳለፈው። አባቴ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለ። እስኪሞት ድረስ ክፉ አላወጣበትም።

ጦርነቱ ሲገፋ የሰሜኑ መንገድ ወታደር ጭኖ የሚወጣ፣ ቁስለኛ ጭኖ የሚወርድ መኪና ብቻ ሆነ። ስኳር በራሽን፣ ጨርቅ በራሽን። ራዲዮዋ አምባሰሉን ትታ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ታሰማለች። ከየቀበሌው ይህን ያህል ጎረምሳ አምጡ ተባለ፤ ኮታ ነው ስሙ። ጎረምሶቹ መሸሽ ጀመሩ፤ ማሽላው ውስጥ፣ ሸለቆው ውስጥ ይውላሉ፣ ምግባቸውን እህቶቻቸው እናደርሳለን። ሁሴን ያኔ ጢም አቀምቅሟል፤ ከአባቴ ሞት በኋላ ብርቱካኑን የሚይዘው እሱ ነው። ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት ቢዞሩ የሚያገኙት ሽማግሌ ብቻ ነው። ይመር ከበላይ ተቆጡት አሉ፤ ኮታውን ካልሞላህ አንተው ትሄዳለህ ብለውታል አሉ። ይሆናል። እሱም ነፍስ አለው፣ መፍራቱን አልፈርድበትም። ያደረገውን ነው የምፈርድበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ታደሰ ጉብታው ላይ ወጣ። «ቅሬ ውጣ፤ መንገደኛ ሞቷል፣ ወገን የለውም» አለ። ይመር ነው የነገረው፤ ሬሳው ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ አሁን ይመጣል ብሎታል። አያ ታደሰም አመነ፤ ሊቀመንበሩ በሞት ይቀልዳል ብሎ ማን ያስባል? የሀገራችን ሰው ሞቷል ቢባል ኖሮ ማን ነው፣ መቼ ታመመ ብለን እንጠይቅ ነበር። መንገደኛን ግን ማን ይጠይቃል? ይመር ይህን ያወቀው ከኛው ጋር መንገደኛ ሲቀብር ነው። ሁሴን ከማሽላው ወጥቶ መጣ። ውሃ ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣ። እናቴ «ዛሬ ቢቀርብህስ» አለችው። «እማ፣ እኔ መንገድ ላይ ብወድቅ ማን ያነሳኛል ትያለሽ?» አላት። አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር፤ አንዱ ቁልፉ በነጭ ክር ተሰፍቷል፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

የሆነውን የነገሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ልጆቹ ቁፋሮ ጀመሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ። ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ሬሳው የት ቀረ ብለው ጠየቁ። ያኔ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ወታደሮቹ ተነሱ። ዶማ የያዘ ጎረምሳ ጠመንጃ ላይ ምን ያደርጋል። እኛ ሴቶቹ ለቅሶው የማን ቤት ነው እያልን በከተማው ስንዞር መኪናው ጭኗቸው በመንገዱ ሲያልፍ አየን። እናቴ ከኋላው ሮጠች፤ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ። ይመር መቃብሩ በር ላይ በካኪው ቆሞ ነበር። እናቴ ስትደርስበት «እናት ሀገር ከሁሉም እናት ትበልጣለች» አላት። ክፉው፣ በየማሽላው ተኝቶ ለመንገደኛ ሬሳ ግድ የሌለው ጎረምሳ ተረፈ። እሱ የወሰደው ደግ ደጉን ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አያ ታደሰ ከዚያ ቀን በኋላ አልተጣራም። ድምፁ ሳይዘጋ ዝም አለ፤ ሰላምታ እንኳን ራሱን ነቅንቆ ነው የሚሰጥ። ሽማግሌዎቹ ባዶውን ጉድጓድ ክፍቱን ማሳደር አልወደዱምና ያን ለት አፈሩን መለሱበት። የሁሴን ነገር ምንም አልተሰማም፤ ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። እናቴ ጁሙዓ ጁሙዓ እየሄደች እዚያ አፈር አጠገብ ትቀመጣለች። «እማ፣ ባዶ እኮ ነው» እላታለሁ። «የኔም ቤት ባዶ ነው» ትለኛለች። ዓመት ሳይሞላት ሞተች። አዲስ ለፋፊ ወጥቶ ጠራ። ቢጣራ፣ ቢጣራ፣ የመጣ ጎረምሳ የለም። ማሽላው ውስጥ ሆነው ሰምተውታል፤ ደግሞ ሊያጠምዱን ነው አሉ። እንዴት ልፈርድባቸው? ለስንት መንገደኛ ነጠላዋን የቀደደችውን እናቴን የቆፈሩላት አራት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ አካፋ ሲያነሳ ሌላው ተቀምጦ ያቃስታል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው አፈር የቀመሰች። ይመር የወሰደብን ልጅ ብቻ አይደለም። ሲጠሩን ማመንን ወሰደብን፤ ለመመለስ ስንት ዓመት ፈጀ። ያ መንግሥት ሲወድቅ እሱ ከመርሳ ጠፋ፤ እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። በዚሁ መንገድ ሌላ ጦርነት መጥቶ አለፈ። ያኔም መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው በየጓሮው ሲቀብር፣ ቅሬው ነው ያቆየን።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ቅሬው ስለ ይመር ሊነጋገር ተሰበሰበ። ዳኛው ሰይድ ይባላል፤ ያ ሁሉ ሲሆን ገና አልተወለደም፣ ከአባቱ ግን ሰምቶታል። ይመር ወንበር ቢሰጡት እምቢ ብሎ መሬት ተቀመጠ። ሰይድ «እትዬ ዘሃራ፣ ከመምህር ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። «አንድ ነገር» አልኩ። «ያ ጥሪ ውሸት ነበር፣ ያስጠራሁት እኔ ነኝ ይበል። ከንፈሩን ሳያጣምም፣ በነዚህ ልጆች ፊት ይበል። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈልግም።» ወላሂ ልቤ ሊቀበለው ተዘጋጅቶ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ አውፍ ብዬ ይቅር ልለው ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርኩት።

ይመር ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ድምፁ ያው ነው። ስለ ዘመኑ ተናገረ። ያ ትውልድ እሳት ውስጥ ያለፈ ነው አለ። ወልድያ ፒያሳ የተቀመጥንበትን ቀን አነሳ፤ እንዴት አድርጎ አነሳው መሰላችሁ፣ እኔ እንኳን እንባዬ መጣ። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ «ሁላችንም ተሳስተናል፣ ሁላችንም የዘመኑ ሰለባ ነን» አለ። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

«ሁላችን ማን ማን ነን?» አልኩት ከተቀመጥኩበት። «አያ ታደሰ ምን ተሳሳተ? እናቴ ምን ተሳሳተች? ሁሴን አካፋ ይዞ መውጣቱ ነው ስህተቱ?»

ይመር ግንባሩን አኮማተረ። ሊያስታውስ እየሞከረ ነበር፤ ይህን አልክድበትም። «ሁሴን?» አለ። «የትኛው ሁሴን ነበር እሱ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አስተግፊሩላህ» ሲል ሰማሁ። ይመርም የተናገረው ዘግይቶ ገባው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ዘሃራ፣ ቃሉ የአንቱ ነው። ይግባ ወይስ ይቅር?»

ይቅር ልል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ከዚያ ግን ያ ሁሉ መንገደኛ ታወሰኝ፤ ማን እንደሆነ፣ በኑሮው ምን እንደሠራ ሳንጠይቅ ነው የቀበርነው። እናቴ ብትኖር ምን እንደምትል አውቃለሁ።

«ይግባ» አልኩ። «ሰው ነው፣ ሜዳ ላይ አይቀርም። ግን እሱ ሞተ ተብሎ ሲለፈፍ ልጆቻችሁን ዶማ አስይዛችሁ እንዳትልኩ። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌ ይሂድና ሬሳውን ገልጦ ይይ።»

ይመር ቀና ብሎ ሰዉን በዓይኑ ዞረው፤ አንድ ሰው ኧረ ይህስ በዛ የሚልለት መስሎት ነው። ሰይድ ወደ ቅሬው ዞረና «ተስማምታችኋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ተስማምተናል» አለ ቅሬው በአንድ ድምፅ።